የውለታ ሐውልት አፍንጫ

በሰው እጅ ሥራ የተመሰገነ ሰው አንድ ቀን «እስቲ የገዛ እጅህን አሳየን» መባሉ አይቀርለትም። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ትውልድ እንዳልሰማ ሆኖ በራሱ ላይ እንደ አዲስ ይፈትነዋል። ከፈተኑትም አንዱ፣ ሮም ገና በጳጳሱ መንግሥት ሥር ሳለች ከአሜሪካ መጥቶ በዚያች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የተቀመጠው ቀራጺ ሚስተር ኤሊፋሌት ሃስኬል ነበር።

ሃስኬል የተወለደው ብሪምፎርድ በምትባል፣ ከእህሏ ድንጋይዋ በሚበዛ መንደር ነው። አባቱ በርሜል ሠሪ ነበረ፤ ልጁ ግን የበርሜል ጠባብነት ከነፍሱ ስፋት ጋር እንደማይስማማ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ተገነዘበ። ስለዚህ ከአንድ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ገብቶ አራት ወር ተማረ፤ በአምስተኛው ወር «አቧራው ሳንባዬን ጎዳው» ብሎ ወጣ። ያ ሳንባ ለንግግር ሲሆን አንዳች ጉድለት ታይቶበት አያውቅም። ቀጥሎም የሰባኪውን ፊት በሰም አበጀና ለመንደሩ አሳየ። የብሪምፎርድ ሰዎች ከሊጥ አሻንጉሊት በቀር ፊት የወጣለት ነገር አይተው ስለማያውቁ ተደመሙ፤ ይህን የመሰለ ጸጋ በበርሜል መካከል መቅረት የለበትም ብለው አዋጥተው ወደ ጣልያን ላኩት።

ሮም ሲደርስ ከስፔን አደባባይ በላይ ባለች ጠባብ መንገድ የሥራ ቤት ተከራየ፤ ጢሙን አሳደገ፤ የከፋይ ቆብ ገዛ። እነዚህ ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች ከተፈጸሙ በኋላ የቀረውን ጥቃቅን ነገር፣ ማለትም ድንጋዩን የሚጠርብለት ሰው ቀጠረ። ሰውየው ኒካንድሮ ቶስቲ ይባላል፤ አባቱም አያቱም እብነ በረድ ሲጠርቡ ኖረው በእብነ በረድ አቧራ የሞቱ፣ ቃሉ አጭር፣ እጁ ብልህ ሰው ነው።

በሮም ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ቀራጺው ያሰበውን በጭቃ ያበጃል፤ ጭቃው በጄሶ ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጠራቢው የጄሶውን እያንዳንዱን ጉብታና ስርጉድ እየለካ፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ምልክት እያደረገ ወደ ድንጋዩ ያሻግረዋል። በዚህ የሚያፍር አንድም ሰው የለም። መርከቡን የነደፈው ሰው ሸራውን ስላልሰፋ አይወቀስም። ስለዚህ ሃስኬል እውነቱን ተናግሮ በክብር ሊኖር ይችል ነበር፤ ነገር ግን እውነት ለነፍሱ ስፋት ሌላ በርሜል ሆነችበት።

የአገሩ ሰዎች ሊጎበኙት በሚመጡበት ቀን ሃስኬል ጠራቢዎች የሚያጠልቁትን የወረቀት ቆብ ይደፋል፤ ከሳሕን የእብነ በረድ ዱቄት እየዘገነ፣ ዓሣ የሚጠብስ ሰው ዱቄት እንደሚነሰንስ፣ ጢሙ ላይ ይነሰንሳል፤ የኒካንድሮን መዶሻና መሮ ይይዛል። ለኒካንድሮ መጥረጊያ ይሰጠዋል። እንግዶቹ ሲገቡ ሃስኬል ላቡን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ ከአምላኩና ከመሮው በቀር በዚህ ባዕድ አገር ወዳጅ እንደሌለው ይናገራል። ወይዛዝርቱ ያለቅሳሉ። ኒካንድሮ ይጠርጋል። ንግግሩን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሰማው ከነእንግሊዝኛው በቃሉ ያዘው፤ ከዚያም ከእንግዶቹ ጥያቄ ቃል በቃል እየለቀመ ቋንቋውን ተማረ። ሃስኬል ግን ሠራተኛው ጆሮ እንዳለው ለማጣራት አንድም ቀን አልተቸገረም።

ይህን ሁሉ የታገሠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የጠራቢዎች ማኅበር ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሐውልት በገዛ እጁ እንደ ጠረበ፣ ያሠራው ሰው በጽሑፍ ካልመሰከረለት በቀር ማንም በስሙ የሥራ ቤት ሊከፍት አይችልም። ኒካንድሮ የሚጎድለው ይህች አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነበረች። ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ጉልበቱ መድከም ጀምሯል፤ በራሱ በር ላይ «ቶስቲ» የሚል ጽሑፍ ሳያይ መሞትን እንደ እርግማን ይቆጥረዋል። ሃስኬልም «አልጽፍልህም» ብሎት አያውቅም። ከፋሲካ በኋላ ይለዋል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ይህ ሐውልት ይለቅ ይለዋል፤ ሐውልቱ ሲያልቅ ቀለሙ ደርቋል ይለዋል። በሮም ከተማ ለአሥራ ሁለት ዓመት የደረቀ ቀለም የተገኘው በእርሱ ቤት ብቻ ነው።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት የብሪምፎርድ መንደር መሥራቾቿን ለማመስገን ፈለገችና «ውለታ» የምትባል ሐውልት እንዲሠራላት ሃስኬልን አዘዘችው። እርሱም እጆቿን የዘረጋች ሴት በጭቃ አበጀ፤ አዘረጋጓ ከማመስገን ይልቅ የሸሸች ዶሮ ለመያዝ ይመስል ነበር። ኒካንድሮ ግን ወደ እብነ በረዱ ሲያሻግራት ከራሷ ወደ ትከሻዋ የሚወርደውን መጎናጸፊያ እጅግ አቅጥኖ ጠረበው፤ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ብርሃኑ በድንጋዩ ውስጥ ያልፍ ነበር። ሌሎች ጠራቢዎች ምክንያት እየፈጠሩ መጥተው አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ይመለሱ ነበር፤ በዚያ ሙያ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። የቀሩት ፊቷና እጆቿ ብቻ ነበሩ።

በዚህ መካከል አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ በሮም ያሉ ቀራጺዎቻችን መሮን ከማንኪያ አይለዩም ብሎ ጻፈ። ስም አልጠራም። ስም ያልተጠራ ስድብ ግን ባለቤቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ሃስኬልም ወዲያው «እኔን ነው» አለ። ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው የራሱ እጅ እንደሆነ፣ ጣልያኖቹ ወለል ከመጥረግ ያለፈ ነገር እንደማያውቁ የሚገልጽ ረጅም መልስ ጻፈ። ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ቀለም አልደረቀም ነበር። መልሱ በምስክር እንዲጸናለትም ሌላ ወረቀት አዘጋጅቶ ኒካንድሮን ጠራው።

«ነገ ከውል አዋዋይ ፊት ቀርበህ ይህን ትፈርማለህ» አለው። «ጥቂት ነገር ነው። ድንጋይ ነክተህ እንደማታውቅ፣ ውሃ ቀጂና ቤት ጠራጊ እንደሆንህ ይላል።»

ኒካንድሮ መሮውን አስቀመጠ። «እና የእኔ ደብዳቤስ፣ ጌታዬ?»

«እሱን ከዚህ በኋላ እናያለን።»

«ከዚህ በኋላ ምኑን እናየዋለን? ድንጋይ ነክቼ አላውቅም ብዬ በእግዚአብሔር ስም ከማልሁ ወዲያ፣ ማኅበሩ ስለ መጥረግ ነው የሚቀበለኝ?»

ሃስኬል ሠራተኞች በአመክንዮ ሲናገሩ እጅግ ያዝን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንጀራ እንደሰጠው፣ ጥበብን በቅርብ እንዲያይ እንደፈቀደለት፣ አሁን ግን ውለታ ቢስነቱን እንዳሳየው በለሰለሰ ድምፅ ነገረው፤ ይህንንም ሲናገር የቆመው ከውለታ ሐውልት አጠገብ ነበር። ካልፈረመ እንዲሄድ ጨመረለት።

ኒካንድሮ አልተከራከረም። የቆዳ ሽርጡን ፈታ፤ አጥፎ በሐውልቲቱ ትከሻ ላይ አኖረና ወጣ። ሃስኬል ሽርጡን ረስቶት የሄደ መሰለው፤ በሁለት ጣቶቹ አንሥቶ ወደ መንገድ ወረወረው።

በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ በረዶ የተቀላቀለበት ጣፋጭ በየትኛው ቤት እንደሚሻል፣ የትኛው ካርዲናል በየትኛው ቀን እንግዳ እንደሚቀበል ጠንቅቆ ያወቀ ሰው፣ እንጀራውን የሚጋግሩለትን ሰዎች ሥርዓት ግን አንዲቱንም አላወቀም። በሮም አንድ ጠራቢ የጀመረውን ድንጋይ ተገፍቶ ሲተው ሽርጡን ትቶበት ይሄዳል። ሽርጡን ራሱ ተመልሶ እስኪያነሣ ድረስ ሌላ ጠራቢ በዚያ ድንጋይ ላይ መሮ አያሳርፍም። የሌላ ሰው እጅ ሽርጡን ቢጥለው ደግሞ ነገሩ ከጸብ አልፎ ነውር ይሆናል።

ኒካንድሮ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዶሚቲላ የእጅ ጓንት ትሰፋ ነበር። ያለ ሽርጥ መግባቱን አይታ መርፌዋን አቆመች፤ የሆነውንም ሁሉ ሰማች።

«ደብዳቤ ስትጠብቅ ኖርህ፣ ደብዳቤው መጣልህ» አለች በመጨረሻ። «ስምህም አለበት፤ ማዕረግህም አለበት፤ ጠራጊ ይላል። አንተ ሰው፣ ፈርመህ ብትመጣ ኖሮ ዛሬ ባቄላውን የምትበላው ደጅ ሆነህ ነበር።»

«ሥራ የለኝም እኮ፣ ዶሚቲላ።»

«እጅ አለህ። እሱ ነው የሌለው።»

በማግስቱ የማኅበሩ ሽማግሌ ማስትሮ ኦሬስቴ ጭቃ የነካውን ሽርጥ ከመንገድ አንሥተው እቤቱ ድረስ ይዘውለት መጡ። ነገሩን ጠየቁ፤ ሰሙ፤ ወደ ማኅበሩ ሄዱ። በሦስት ቀን ውስጥ በሮም ይህን ነገር ያልሰማ ጠራቢ አልነበረም። ኒካንድሮ ከሃስኬል ቤት ፊት ለፊት በመንገዱ ማዶ ባለ አንድ የሥራ ቤት የምድጃ ድንጋይ እያለሰለሰ ዕለት ዕለት እየሠራ ተቀመጠ፤ ለእርሱ ያ ሥራ ካህንን ደወል ደዋይ እንደማድረግ ነበር፤ ቢሆንም ሠራው።

ሃስኬል ሌላ ጠራቢ ጠራ። ሰውየው መጣ፣ ድንጋዩ የማን እንደሆነ ጠየቀ፣ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ሁለተኛው ጥርሱን አመመው። የሦስተኛው አክስት ልትሞት ነበረች፤ አክስቲቱ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንደሞተች የታወቀ ነው። ሰባት ጠራቢዎች ተጠርተው ሰባት ዓይነት መቅሠፍት ደረሰባቸው። የብሪምፎርድ ኮሚቴም ሐውልቲቱን ለመረከብ በመርከብ ተሳፍሮ እየመጣ ነበር። ስለዚህ ሃስኬል በጋዜጣ የማለውን መሐላ ወደ እውነት ከመለወጥ በቀር ምርጫ አጣ፤ መሮውን አነሣ።

ከማዶ ሆኖ ኒካንድሮ ድምፁን ይሰማ ነበር። የሚያውቅ ሰው ሲጠርብ መዶሻው እንደሚራመድ ፈረስ አንድ ዓይነት ምት አለው፤ ከሃስኬል ቤት የሚሰማው ግን ደረጃ የሚወርድ ሰካራም ነበር። ኒካንድሮ ስለ ሐውልቲቱ ፊት እያሰበ እንጀራ አልበላ አለው። በፊቷ ላይ የሰረሰራቸው ቀዳዳዎች የት ድረስ እንደሚገባ የሚያሳዩ ነበሩ፤ ከእነርሱም በላይ ለመጨረሻው ሥራ የሚሆን ስስ የድንጋይ ሽፋን ትቶ ነበር። ይህን የሚያውቅ የለም። ሃስኬል የጀመረው ከአፍንጫዋ ነው፤ ወደ ፊት ወጥቶ ያገኘው እርሱን ስለሆነ። ወደዚያ ቤት ምግብ የምታመላልሰው ሴት እንደተናገረችው አፍንጫው ማክሰኞ የሮማዊት ነበር፤ ሐሙስ ወደ ግራ ስለዘመመ ከቀኝ ተቀንሶለት የግሪካዊት ሆነ፤ ቅዳሜ የድመት ሆነ፤ ከእሑድ በኋላ የማንም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሃስኬል ኒካንድሮን አስጠራው። ኒካንድሮ ሲገባ ሃስኬል ጢሙ ላይ የእውነት አቧራ ነበረበት፤ አውራ ጣቱም በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል።

«አንብበው» አለው።

ኒካንድሮ ቀስ ብሎ አነበበ። ኒካንድሮ ቶስቲ የውለታን ሐውልት በገዛ እጁ የጠረበ፣ በሙያው የታመነና ሐቀኛ ሰው መሆኑን ይመሰክራል። ከታች የሃስኬል ፊርማ አለ።

«ያንተ ነው» አለ ሃስኬል። «አፍንጫዋን መልስልኝ። ኮሚቴው ከቀትር በፊት ይደርሳል።»

«ጌታዬ፣ ድንጋይ ሊጥ አይደለም። የወጣው አይመለስም።»

«ሙጫና የእብነ በረድ ዱቄት አደባልቃችሁ እንደምትለጥፉ አውቃለሁ። አትሞኝ።»

ይህ እውነት ነበር። ኒካንድሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዓይን የማይለየው አፍንጫ ሊለጥፍ ይችላል። አፍንጫው የሮምን ፀሐይ፣ ባሕሩን፣ የምረቃውን በዓል በሰላም ያልፋል፤ የብሪምፎርድ ውርጭ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ክረምት ይወድቃል። ያን ጊዜ ደብዳቤው በእጁ፣ «ቶስቲ» የሚለው ስም በበሩ ላይ ይሆናል፤ ባሕር ማዶ የወደቀ አፍንጫ ማንም አይሰማም። ወረቀቱን እንደገና አየ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ገጽ ላይ ተጽፏል።

«ሐቀኛ ይላል፣ ጌታዬ» አለ። «አፍንጫውን ከለጠፍሁ ይህን ቃል ሰርዘው ይሰጡኛል?»

በሩ ተንኳኳ፤ ሃስኬል ወረቀቱን ላፍ አድርጎ ወደ ኪሱ ከተተ።

የገቡት ሁለት የቤተ ክርስቲያን ዲያቆናትና የኮሚቴው መሪ ወይዘሮ ታቢታ ስሎከም ነበሩ። ወይዘሮ ታቢታ ሃስኬል በልጅነቱ አራት ወር የተማረበት የዚያ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ መበለት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የድንጋዩን ሥራ በራሳቸው ያሠሩ ነበር። የሐውልቲቱን መጎናጸፊያ ዞረው ዞረው አዩ፤ ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ዳሰሱት። ወደ ፊቷ ሲደርሱ ግን ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ይህን መጎናጸፊያ ማን ጠረበው፣ ኤሊፋሌት?»

«እኔ፣ እሜቴ። በብቸኝነቴ፣ በመሮዬ…»

«ይሁን። አፍንጫዋንስ?»

ሃስኬል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ በእጁም ኒካንድሮን አመለከተ። ይህ ጠራጊ፣ አለ በሐዘን፣ እርሱ በሌለበት ሰዓት በቅናት ተነሣሥቶ ያደረገው ነው፤ አሁንም ስለዚሁ ሊገሥጸው አስጠርቶት ነበር።

ኒካንድሮ ሁሉን ሰማ። እስከዚያች ሰዓት የተወሰደበት ምስጋናው ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የሌላው ነውር ተሰጠው። ሐውልት ያበላሸ ጠራቢ የሚለው ስም ከወጣበት ማኅበሩ ቀርቶ የምድጃ ድንጋይ እንኳ የሚሰጠው አይኖርም። በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ከሃስኬል ንግግር በለቀማቸው ቃላት መለሰ።

«እሜቴ፣ መጎናጸፊያው የእኔ ነው። አፍንጫው የእሱ። አሥራ ሁለት ዓመት እሱ ያወራል፣ እኔ እጠርባለሁ።»

ሃስኬል ድንጋዩ የተናገረ ያህል ደነገጠ። ዲያቆናቱ የሠራተኛውን ድፍረት ሊገሥጹ ሲነሡ ወይዘሮ ታቢታ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ ከወለሉ ላይ ሁለት የእብነ በረድ ስባሪ አስመርጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁለታችሁም አፍ አላችሁ» አሉ። «ለእኔ አንድ ስንዝር ቀጥ ያለ ጠርዝ አውጡልኝ። ከዚያ ማን እንደሚዋሽ ድንጋዩ ይንገረኝ።»

ሃስኬል ስለ ጣቱ ቁስል ተናገረ። ወይዘሮዋ፣ ጠራቢ በዚያ ቦታ የሚቆስለው ገና ሲለማመድ እንደሆነ አስታወሱትና መዶሻውን በእጁ አስያዙት። ሁለቱም ጀመሩ። ወይዘሮዋ ድንጋዮቹን አላዩም፤ የሰዎቹን ዓይን ብቻ ተመለከቱ። ኒካንድሮ ዓይኑን ከመሮው ስለት አላነሣም፤ መዶሻው መንገዱን ራሱ ያውቃል። ሃስኬል ግን እንደገና ጣቱን እንዳይመታ ፈርቶ መዶሻው የሚያርፍበትን የመሮውን ራስ አፍጥጦ ያይ ነበር። ሦስት ጊዜ መታ፤ በአራተኛው ስባሪው ለሁለት ተከፈለ።

«በቃህ» አሉ ወይዘሮ ታቢታ። «እኔ ልጅ ወደ ድንጋይ ግቢዬ ሲመጣ ዓይኑን አይቼ ነው የምቀጥረው። የመሮውን ራስ የሚያይ፣ ገና ድንጋይ ነክቶ አያውቅም። መንደሩን ሙሉ አሥራ ሦስት ዓመት በዚህ ውሸት አኖርኸው?»

ሃስኬል ንግግር ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያለቅስለት ሰው አጣ።

በማግስቱ ወይዘሮ ታቢታ፣ ሥራውን ያሠራችው መንደር ወኪል ናቸውና፣ ዲያቆናቱን ምስክር አድርገው ለማኅበሩ ደብዳቤ ጻፉ፤ ኒካንድሮም በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን ማስትሮ፣ ማለትም በስሙ የሥራ ቤት ሊከፍት የሚችል ባለሙያ፣ ተብሎ ወደ ማኅበሩ ገባ። ውለታንም በሌላ ድንጋይ እንደገና ጠረባት፤ ሲጠርብም የእጆቿን አዘረጋግ ከዶሮ አሳዳጅነት አላቀቀው።

ሃስኬል የደረሰበት ቅጣት ይህ ነው። ኮሚቴው ሥራውን ነጠቀው፤ ምክንያቱንም መልሱን ባወጣው በዚያው ጋዜጣ በስሙ አሳተመው። የጠራቢዎች ማኅበር አንድም አባል ለእርሱ መሮ እንዳያነሣ ወሰነ፤ ውሳኔውም እስኪሞት አልተነሣም። በሁለተኛው ዓመት የሥራ ቤቱን ለቀቀ። የቀሩትን ዘጠኝ ዓመታት ለአገሩ መንገደኞች አስጎብኚ ሆኖ ኖረ፤ ወደ ቀራጺዎች የሥራ ቤት ሲደርሱ መንገደኞቹ ይገባሉ፣ እርሱ ደጅ ይቆማል። በትኩሳት ሞቶ ከከተማው ቅጥር አጠገብ በባዕዳን መቃብር ተቀበረ። የሚጠርብለት ስላልተገኘ መቃብሩ ላይ ድንጋይ አልቆመም።